ተደራቢ የውስጥ መስኮት

ተደራቢ የውስጥ መስኮት ማለት ነባሩ መስኮት ሳይነካ ከክፍሉ ውስጥ በኩል የሚገጠም፣ ራሱን የቻለ ሁለተኛ መስኮት ነው። በእንግሊዝኛ «ሰከንደሪ ግሌዚንግ» ይባላል። ዓላማው ሙቀት ከቤት እንዳይወጣ፣ ነፋስ በስንጥቅ እንዳይገባና የመንገድ ጫጫታ እንዲቀንስ ማድረግ ነው። በተለይ የሚታወቀው በእንግሊዝ አገር አሮጌ ቤቶች ውስጥ ነው። በዚያ አገር በታሪካዊ ጥበቃ ክልል ውስጥ የሚገኝን ወይም በቅርስነት የተመዘገበን ቤት መስኮት አውጥቶ በዘመናዊ መተካት ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ነዋሪው ግን ክረምቱን በሙቀት ማሳለፍ ይፈልጋል። ተደራቢው መስኮት ለእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች ማስታረቂያ ሆኖ ያገለግላል።

ተደራቢ መስኮት ከ«ድርብ መስታወት» ጋር መምታታት የለበትም። ድርብ መስታወት ሁለት መስታወቶች በፋብሪካ ዙሪያቸው ታሽጎ በአንድ ክፈፍ ውስጥ የሚገቡበት ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን መስታወት፣ ብዙ ጊዜም ሙሉ መስኮቱን አውጥቶ መጣል ይጠይቃል። በተደራቢ መስኮት ግን አሮጌው በቦታው ይቆያል፤ አዲሱ ከኋላው ይቆማል፤ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜም ብሎኑን ፈትቶ ሊያነሣው ይችላል።

የአሮጌዎቹ መስኮቶች ታሪክ

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዝ የተስፋፋው መስኮት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው «ሳሽ» ነው። ሁለት የእንጨት ክፈፎች አሉት፤ አንዱ በሌላው ፊት በየራሱ መሄጃ ይንሸራተታል። በመቃኑ ግራና ቀኝ ባዶ የእንጨት ሣጥን ይገኛል። በሣጥኑ ውስጥ በገመድና በመዘውር ከክፈፉ ጋር የተያያዘ ክብደት ተንጠልጥሏል። ክብደቱ ከክፈፉ ጋር ስለሚመጣጠን መስኮቱ ያለ ብዙ ጉልበት ይከፈታል፤ በተተወበትም ቦታ ይቆማል።

የዘመኑ መስታወት በፋብሪካ እንደሚመረተው የአሁኑ መስታወት አልነበረም። ባለሙያው የቀለጠውን መስታወት በቱቦ ነፍቶ ካሳበጠው በኋላ በፍጥነት እያሽከረከረ ወደ ሰፊ ክብ ሰሌዳ ይለውጠዋል። ከዚህ ሰሌዳ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ብቻ ይገኙ ስለነበር አንድ መስኮት በቀጫጭን እንጨቶች ተከፋፍሎ ለምሳሌ ስድስት ከላይ፣ ስድስት ከታች ይደረደርበት ነበር። የመስታወቱ ገጽ ፍጹም ለጥ ያለ ስላልሆነ ብርሃን ሲያርፍበት በትንሹ ይወዛወዛል። የአሮጌ መንገዶች መልክ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሕግና ግብርም የመስኮቱን ቅርጽ ወስነዋል። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1709 የወጣው ሕግ የእሳት መዛመትን ለመቀነስ የመስኮት መቃን ከግድግዳው የውጭ ገጽ አራት ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወደ ውስጥ እንዲገባ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1774 የወጣው ሕግ ደግሞ የክብደቱ ሣጥን ከጡቡ ኋላ እንዲደበቅ አደረገ። ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፈል ስለነበር አንዳንድ ባለቤቶች መስኮቶቻቸውን በጡብ ደፈኑ። በመስታወት ላይ የነበረው ግብር በ1845 ከተነሣ በኋላ ትልልቅ መስታወቶች ረከሱ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የቪክቶሪያ ዘመን መስኮቶች የእንጨት ክፍፍላቸው ያነሰው በዚህም ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ መስኮት ቤቱ በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ለሚያውቅ ሰው እንደ ፊርማ ነው።

መስኮት የመደረብ ሐሳብ በእንግሊዝ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሩሲያ መጸው ሲገባ ሁለተኛ ክፈፍ ከውስጥ ማስገባትና በሁለቱ መካከል ጥጥ ወይም ሽበት የመሰለ ደረቅ የዛፍ ሣር መጎዝጎዝ የቆየ ልማድ ነበር። በቪየናና በበርሊን ደግሞ ሁለት ተከፋች መስኮቶች በአንድ ሣጥን ውስጥ ፊትና ኋላ ሆነው የተሠሩባቸው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንፃዎች ዛሬም በብዛት ይታያሉ።

የጥበቃ ክልልና ሕጉ

በእንግሊዝ የታሪካዊ ጥበቃ ክልል የሚባለው አንድ ቤት ብቻ ሳይሆን መንገዱ፣ አደባባዩ ወይም መንደሩ በአጠቃላይ መልኩ እንዲጠበቅ በአካባቢው ምክር ቤት የሚሰየም ቦታ ነው። ይህ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ የተሰየመው የስታምፎርድ ከተማ ነው። ዛሬ በእንግሊዝ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጉ የጥበቃ ክልሎች አሉ። በሥራ ላይ ያለው ዋናው ሕግ የ1990 የተመዘገቡ ሕንፃዎችና የጥበቃ ክልሎች ሕግ ነው። ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በጥበቃ ክልል ውስጥ ያለ ነገር ግን በግሉ ያልተመዘገበ ቤት። ክልሉ መሰየሙ ብቻውን መስኮት መለወጥን ሁልጊዜ አይከለክልም። ምክር ቤቱ ግን «አንቀጽ 4» የሚባለውን ልዩ መመሪያ ካወጣ፣ ያለ ፈቃድ ይሠሩ የነበሩ ለውጦች ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ዋነኛው የፊት ለፊት መስኮት ነው። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ቤት ባለቤት የተሰጠው ያለ ፈቃድ የመለወጥ መብት የለውም። ከውስጥ የሚገጠም ተደራቢ መስኮት ግን የቤቱን የውጭ መልክ ስለማይለውጥ ባልተመዘገበ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የግንባታ ፕላን ፈቃድ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ። ምዝገባው የውጩን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም ይሸፍናል። ስለዚህ ከውስጥ የሚገጠም ነገር ቢሆንም ልዩ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ባለቤቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የምክር ቤቱን የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ መጠየቅ አለበት። የሕንፃውን ጠባይ የሚነካ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት የወንጀል ድርጊት ነው፤ ቅጣቱም እስከ ሁለት ዓመት እስራትና ገደብ የሌለው የገንዘብ መቀጮ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የኪራይ ቤት። ተከራዩ ከአከራዩ ስምምነት ውጭ መቃን ላይ ብሎን መምታት አይችልም፤ በማግኔት የሚያዙት ቀላል ዓይነቶች ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ይመረጣሉ። በሌላ በኩል ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የሚከራዩ ቤቶች፣ ከሕጉ ነፃ ካልተደረጉ በቀር፣ ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በሚሄደው የኃይል ቁጠባ ደረጃ ቢያንስ «ኢ» ማግኘት ስላለባቸው አከራዮችም ለጉዳዩ ትኩረት ሰጥተዋል።

ሕጉ ለምን በመስኮት ላይ እንደጠነከረ ለመረዳት የባዝ ከተማን መመልከት ይበቃል። ከተማዋ በ1987 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በዚያ የሚገኘው ሮያል ክሬሰንት በታናሹ ጆን ውድ ንድፍ ከ1767 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ 30 ቤቶች በግማሽ ክብ ተሰልፈው እንደ አንድ ቤተ መንግሥት ይታያሉ። በእንዲህ ያለ ሰልፍ ውስጥ አንዱ ባለቤት ወፍራም የፕላስቲክ መስኮት ቢያስገባ ጉድለቱ በእርሱ ቤት ላይ ብቻ አይቀርም፤ የሁሉም መልክ ይበላሻል።

ሙቀትን የሚይዘው እንዴት ነው?

ሙቀት በመስኮት በኩል የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው። በመስታወቱ አካል ውስጥ ያልፋል፤ በጨረራ መልክ ወደ ቀዝቃዛው ገጽ ይሄዳል፤ እንዲሁም በክፈፎቹ መካከል ባለው ስንጥቅ ሞቃቱ አየር ራሱ ሾልኮ ይወጣል። ነጠላ መስታወት ቀጭን ስለሆነ የመጀመሪያውን ብዙም አያግደውም። የቆየ ተንሸራታች መስኮት ደግሞ እንዲንቀሳቀስ ክፍተት ስለሚተውለት ነፋስ ያስገባል።

ተደራቢው መስኮት ሲገጠም በሁለቱ መስታወቶች መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ይያዛል። የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። የጋቢ ሙቀትም ምስጢሩ ይኸው ነው፤ የሚያሞቀው ጥጡ ብቻ ሳይሆን በእጥፎቹ መካከል የተያዘው አየር ነው። ክፍተቱ ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ለሙቀት የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛው አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ሲሰፋ በውስጡ ያለው አየር በሞቃቱ ጎን ወደ ላይ፣ በቀዝቃዛው ጎን ወደ ታች እየዞረ ሙቀቱን ስለሚያመላልስ ተጨማሪ ጥቅም አይገኝም፤ ነገር ግን ብዙም አይጎዳም።

የመስኮት ሙቀት አሳላፊነት የሚለካው «ዩ» በሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩ በአንድ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት በአንድ ካሬ ሜትር በኩል ስንት ዋት እንደሚያልፍ ይነግራል፤ ሲያንስ ይሻላል። የነጠላ መስታወት መስኮት ወደ 5 ይጠጋል።

የግላስጎ ካሌዶኒያን ዩኒቨርሲቲ ለስኮትላንድ የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባደረገውና በ2008 በታተመው ሙከራ፣ በአንድ ባህላዊ ተንሸራታች መስኮት መስታወት በኩል የሚጠፋው ሙቀት በልዩ ልዩ ዘዴ ምን ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል። ከውጤቶቹ መካከል፦

• የእንጨት የውስጥ መዝጊያ ሲዘጋ 51 በመቶ፣
• ተደራቢ መስኮት ብቻውን 63 በመቶ፣
• ተደራቢ መስኮት ከእንጨት መዝጊያ ጋር 75 በመቶ።

ይህን በምሳሌ ማስላት ይቻላል። መስኮቱ 1.2 ሜትር ስፋትና 1.8 ሜትር ቁመት ቢኖረው ስፋቱ 2.16 ካሬ ሜትር ነው። ውስጡ 20፣ ውጩ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ልዩነቱ 15 ነው። «ዩ» 5 ሲሆን 5 × 2.16 × 15 = 162 ዋት ይጠፋል። ከዚህ ላይ 63 በመቶ ቢቀነስ የሚቀረው 60 ዋት ገደማ ነው። ስምንት እንዲህ ያሉ መስኮቶች ባሉት ቤት ከ800 ዋት በላይ ይተርፋል፤ ይህም የአንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ኃይል ያህል ነው። በስንጥቅ ይገባ የነበረው ነፋስ መቆሙ በዚህ ስሌት ውስጥ አልተካተተም።

ድምፅን መቀነስ

ለድምፅ ሲሆን ሕጉ ይለያል፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ይሻላል። ጥሩ ውጤት የሚገኘው በሁለቱ መስታወቶች መካከል ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሲኖር ነው። በደንብ የተገጠመ ተደራቢ መስኮት በዚህ ርቀት 40 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ በግማሽ ያህል የቀነሰ ሆኖ ይሰማል። የታሸገ ድርብ መስታወት በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ በዚህ ረገድ ተደራቢው ይበልጠዋል።

ሁለቱ መስታወቶች ውፍረታቸው የተለያየ ቢሆን ይመረጣል። እኩል ከሆኑ በተመሳሳይ የድምፅ ዓይነት አብረው ስለሚርገበገቡ ያንን ድምፅ ያሳልፉታል። በመካከሉ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው መስታወትም ርግብግቢቱን ስለሚያፍን ለዋና መንገድና ለባቡር ሐዲድ አጠገብ ቤቶች ይመረጣል። ዙሪያው ላይ ጥቂት ስንጥቅ ቢቀር ግን ብዙው ጥቅም ይጠፋል።

ዓይነቶች

እንደ አከፋፈታቸው ተደራቢ መስኮቶች በሚከተሉት ይከፈላሉ።

• ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት፦ ከሳሽ መስኮት ጋር ይስማማል፤ መጋጠሚያው ከአሮጌው መጋጠሚያ ኋላ ከተሰለፈ ከውጭ አይታይም።
• ወደ ጎን የሚንሸራተት፦ ለሰፋፊና አጫጭር መስኮቶች ይሆናል።
• በማጠፊያ የሚከፈት፦ ሙሉ በሙሉ ስለሚከፈት ለጽዳትና ለአደጋ ጊዜ መውጫ ይመቻል።
• የሚነሣ፦ መክፈቻ የለውም፤ ለጽዳት ወይም ለበጋ ተነሥቶ ይቀመጣል።
• በማግኔት የሚያዝ፦ ቀላል የፕላስቲክ ሰሌዳ በመቃኑ ላይ በተለጠፈ የብረት ጥብጣብ ላይ ይጣበቃል።
• ስስ የፕላስቲክ ሽፋን፦ በማጣበቂያ ተለጥፎ በፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ይወጠራል፤ በጣም ርካሽ ነው፤ የሚያገለግለው ግን ለአንድ ክረምት ያህል ነው።

ክፈፉ ብዙ ጊዜ ከቀጭን አሉሚኒየም ወይም ከእንጨት ይሠራል። መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ከላይ ለተጠቀሰው መስኮት ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት 21 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ነው፤ መቃኑ ይህን መሸከም መቻሉ መታየት አለበት። አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ የመስታወቱን ግማሽ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ነገር ግን ይጫጫራል፤ ሙቀት ሲለዋወጥ ይለጠጣል፤ በእሳትም ይያያዛል። ሙቀትን ወደ ክፍሉ የሚመልስ ዓይን የማያየው ሽፋን የተቀባ መስታወት ደግሞ ከተራው የተሻለ ቁጠባ ይሰጣል።

ጤዛና የአየር ዝውውር

ተደራቢ መስኮት በስሕተት ሲገጠም ከሚያስከትላቸው ጉዳቶች ዋነኛው እርጥበት ነው። ከሰው ትንፋሽ፣ ከምግብ ማብሰልና ከልብስ ማድረቅ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ገጽ ሲነካ ወደ ውኃ ይለወጣል። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚጀምረው ከ9 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ገጽ ላይ ነው። ውጩ ዜሮ ዲግሪ ሲሆን የነጠላ መስታወት ውስጠኛ ገጽ ከዚህ በታች ስለሚወርድ ጠዋት ጠዋት ውኃ ያዝላል። ተደራቢ ሲገጠም ግን ወደ ክፍሉ የሚያየው መስታወት 15 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ይደርቃል።

አሮጌው መስታወት ግን ከበፊቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እርጥብ የክፍል አየር ወደ መካከሉ ከገባ ውኃው በዚያ ይጠራቀምና አሮጌውን እንጨት ያበሰብሳል። ስለዚህ መሠረታዊው መመሪያ «ውስጡ ይታተም፣ ውጩ ይተንፍስ» የሚል ነው። ተደራቢው ዙሪያውን በሚገባ መዘጋት አለበት፤ የአሮጌው መስኮት ስንጥቅ ግን ሙሉ በሙሉ አይደፈንም፤ በመካከሉ የገባ እርጥበት በዚያ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ቤቱ ከታተመ በኋላም በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ቤት የአየር ማስወጫ መኖር ይገባዋል።

በክፍሉ ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ፣ የእንጨት ወይም የከሰል ምድጃ ካለ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። እሳቱ አየር ሲያጥረው ሽታና ቀለም የሌለውን መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ይፈጥራል። እንዲህ ባለው ክፍል ቋሚ የአየር ማስገቢያ ሳይረጋገጥ መስኮቱ አይታተምም። የመኝታ ቤት ተደራቢ መስኮትም በእሳት አደጋ ጊዜ ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ በፍጥነት የሚከፈት መሆን አለበት።

አገጣጠም

ሥራው የሚጀምረው ከአሮጌው መስኮት ነው። የበሰበሰው እንጨት ይጠገናል፤ ያረጀው ገመድ ይለወጣል፤ የመስታወቱ ማጣበቂያ ይታደሳል፤ ቀለም ይቀባል። ተደራቢው ከተገጠመ በኋላ እነዚህን መሥራት አስቸጋሪ ነው። ቀጥሎ ልኬት ይወሰዳል። የአሮጌ ቤት መክፈቻ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ስለማይሆን ስፋቱ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ ቁመቱም በግራና በቀኝ ይለካል፤ ሁለቱ የማዕዘን ለማዕዘን ርቀቶችም ይነጻጸራሉ።

ቦታ መምረጥ ሌላው ፈተና ነው። ብዙ የጆርጅያና የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የሚታጠፉ የእንጨት መዝጊያዎች አሏቸው። ተደራቢው በመዝጊያውና በመስኮቱ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ካልገባ መዝጊያው አይዘጋም። በዚህ ጊዜ ሙቀት የሚይዘውን አሮጌ ሥራ ከጥቅም ውጭ ከማድረግ ቀጭን ክፈፍ መምረጥ ይሻላል። ክፈፉ ከጥንቱ ጌጥ ላይ ሳይሆን በቀላሉ ሊጠገን በሚችል እንጨት ላይ በጥቂት ብሎኖች ይታሰራል።

የሚነሡ ክርክሮች

ድርብ መስታወትን የሚደግፉ ወገኖች አንድ መስኮት ከሁለት ይልቅ ለመክፈትና ለማጽዳት ይቀላል ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ተደራቢ መስኮት ባለበት ቤት አራት የመስታወት ገጾች ይጸዳሉ፤ ለመክፈትም ሁለት ጊዜ እጅ መዘርጋት ያስፈልጋል። የመስኮቱ ደፍም ይጠብባል። ቀጭን ድርብ መስታወትና በመካከሉ አየር የሌለው መስታወትም በአሮጌ ክፈፍ ውስጥ እንዲገቡ እየተሠሩ ነው፤ ሆኖም ጥንታዊውን መስታወት ማውጣት ግድ ስለሆነ የመጀመሪያው መስታወት ባለበት መስኮት ላይ ተቃውሞ ይገጥማቸዋል።

የቅርስ ጥበቃ ወገኖች ደግሞ የዕድሜን ነገር ያነሣሉ። የታሸገ ድርብ መስታወት ከ20 እስከ 30 ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ እሽጉ ይላላና በመካከሉ ጉም ይታያል፤ ከዚያም ይተካል። ቀስ ብሎ ካደገ ጥቅጥቅ ያለ ጥድ የተሠራ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስኮት ግን እየተጠገነና እየተቀባ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቷል። በእንግሊዝ ከሚገኙት መኖሪያ ቤቶች አምስት አንዱ ያህል ከ1919 በፊት የተሠሩ በመሆናቸው ጥያቄው ጥቂት ሀብታሞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የማሞቂያ ወጪ በሚከብደው ቤተሰብ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ቅደም ተከተል ከርካሹ መጀመር ነው፤ በቅድሚያ መስኮቱን መጠገንና ስንጥቁን መቀነስ፣ ያለውን የእንጨት መዝጊያ ወይም ወፍራም መጋረጃ ማታ ማታ መዝጋት፣ ቀጥሎ ብዙ በሚቀመጡበት ክፍል ተደራቢ መስኮት ማስገጠም፣ አቅም ሲፈቅድም ወደ ሌሎቹ ክፍሎች መቀጠል።